ተጎታች ቤትን ከሥር መሸፈንና ከብርድ መጠበቅ፦ ለጅማ ዝናብ የሚሆን አሠራር

ተጎታች ቤቴን የገዛሁት አንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ ሲነሣ ነው። ርዝመቱ 5.5 ሜትር፣ ወርዱ 2.2 ሜትር፣ ባለ አንድ አክስል ነው። በቡና ለቀማ ወቅት በፒክአፕ እየጎተትኩ ወደ አጋሮ፣ ወደ ጌራ፣ ወደ ሊሙ እወስደዋለሁ፤ ሥራው ካለበት አጠገብ አቁሜ በውስጡ አድራለሁ። ክረምቱን ደግሞ ጅማ፣ ግቢዬ ውስጥ ቆሞ ያሳልፋል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ሥሩ ባዶ ነበር። ታኅሣሥ ላይ ንጋት ሲቃረብ ወለሉ ድንጋይ ይሆናል፤ ምንጣፍ ቢደራረብበትም እግር አያስቀምጥም። በዝናብ ወራት ደግሞ ጎማው የሚረጨው ቀይ ጭቃ በሻንሲው (ቤቱ በተቀመጠበት የብረት አውታር) እና በወለሉ እንጨት መካከል ይሰገሰግና ሳይደርቅ ይሰነብታል። በሦስተኛው ዓመት ለአንድ ጋራዥ ሰጥቼ አሸፈንኩት። ኮምፔርሳቶ ቆርጠው፣ ሬንጅ ቀብተው፣ ዳር ዳሩን በሲሊከን ደፍነው ግጥም አድርገው ዘጉት። ሲታይ ያምር ነበር። በመስከረም ወለሉ ከእግሬ በታች ሲለሰልስብኝ ከሥር ገብቼ በትራፓኖ አንድ ቀዳዳ ብበሳ አንድ ባልዲ ያህል ጥቁር ውሃ ወረደብኝ። ውሃው የገባው በጎማው ዳር ከቀረች የጣት ስፋት ክፍተት ነበር፤ መውጫ ግን አልተበጀለትም። የወለሉን እንጨት ሲሶ ያህል አውጥቼ ጣልኩ።

ከዚያ በኋላ ሥራውን ራሴ፣ ከአንድ ወጣት በያጅ ጋር ሠራሁት። እዚህ የምጽፈው ያኔ የሠራነውን ነው። በረዶ በሚጥልባቸው አገሮች የተጎታች ቤት ሥር የሚሸፈነው በዋናነት የውሃ ቧንቧው በረዶ ሆኖ እንዳይፈነዳ ነው። ጅማ ላይ ይህ ሥጋት የለም። ከተማችን 1700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ናት፤ ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ስለዚህ እኛ መጀመሪያ የምናስበው ስለ ውሃ ነው፤ ብርዱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። አሠራሩን ሁሉ የሚወስነው ይህ ነው፦ አየር የሚታገደው ከላይ፣ ወለሉና ከሥሩ የሚገባው የብርድ መከላከያ ፎም በሚገናኙበት ቦታ ነው፤ ውሃ የሚለቀቀው ከታች፣ ሽፋን በሚሆነው ላሜራ (ስስ የብረት ሰሌዳ) በኩል ነው። የፊተኛው ጋራዥ ሁለቱንም ከታች ለማገድ ሞከረና ሁለቱም አልሆነለትም።

መቼ ይሠራ

ጥርና የካቲት። ከዚያ ውጭ ባይሞክሩት እመርጣለሁ። እንጨቱ መድረቅ አለበት፤ ቀለሙም እንዲሁ። በሁለት ሰው ሥራው ራሱ አምስት ቀን ያህል ይፈጃል፤ ለማድረቂያ ግን ከፊቱ ሁለት ሳምንት ይተዉ። መጋቢት ከገባ በኋላ የጀመረ ሰው እርጥበቱን አብሮ ይሸፍነዋል።

ምን ያስፈልጋል

የእኔ ሻንሲ ከአካሉ ጠበብ ብሎ 2 ሜትር ወርድ አለው፤ ጥልቀቱ 12 ሴንቲ ሜትር ነው፤ መስቀለኛ ብረቶቹም በየ60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያርፋሉ። የሚሸፈነው ስፋት 11 ካሬ ሜትር ይሆናል። እርስዎ በራስዎ ልክ ያስሉት።

ለብርድ መከላከያ የመረጥኩት የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚገኘውን ዓይነት ነጭ ስታይሮፎም ነው፤ ለግንባታ በሰሌዳ መልክ የሚሸጠውን ማለቴ ነው። ባለ 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት፣ በሁለት ንብርብር። 11 ካሬ ሜትር በሁለት ሲባዛ 22፣ ለቁርጥራጭ አንድ አሥረኛ ሲጨመርበት 24 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። የፎም ጥቅሙ በውስጡ የታሰረው የማይንቀሳቀስ አየር ነው። ውሃ ሙቀትን የማስተላለፍ አቅሙ ከረጋ አየር ከሃያ እጥፍ በላይ ስለሆነ፣ የራሰ ብርድ መከላከያ ባይኖር ይሻላል። የመስታወት ሱፍን የተውኩት በዚህ ምክንያት ነው። ሱፉ ደረቅ ሆኖ ሲቆይ መልካም ነው፤ ከሥር ሆኖ ጭቃ ሲረጭበት ግን ውሃ ይጠጣና ይከብዳል፣ ከብዶም ይወድቃል።

አገር ቤት በነጻ ስለሚገኘው ነገርም ልናገር፤ ብዙ ሰው ይጠይቀኛልና። የቡና ገለባ በጅማ ዙሪያ እንደ ልብ ነው፤ በጆንያ ሞልቶ ከወለሉ ሥር መጠቅጠቅ የሚያጓጓ ሐሳብ ነው። አያድርጉት። ገለባ እርጥበት ይስባል፣ ይሻግታል፣ ለአይጥ አልጋም ምግብም ይሆናል። አንድ ክረምት ሳይሞላው ቤትዎ የሻጋታ ሽታ ይሸታል። የሚያብረቀርቀው፣ አረፋ ያለበት ቀጭን ጥቅል ደግሞ በራሱ በቂ አይደለም፤ የሚሠራው ከፊቱ ባዶ የአየር ክፍተት ሲኖር ብቻ ነው፤ ጭቃ ሲለጠፍበትም ማብረቅረቁን ያጣል።

ለታችኛው ሽፋን ጠፍጣፋ ጋልቫናይዝድ ላሜራ፣ 0.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ 1 ሜትር በ2 ሜትር የሆነውን ስድስት ሰሌዳ ይያዙ። በካሬ ሜትር 4 ኪሎ ግራም ስለማይሞላ በጠቅላላው 47 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። የጣራ ቆርቆሮ አይሆንም፤ ሽንሽኑ ጭቃ ይይዛል፣ ጫፉም ላይ ለአይጥ በር ይተዋል። ኮምፔርሳቶ በጅማ እርጥበት ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። የፒቪሲ ኮርኒስ ውሃ አይፈራም፤ ነገር ግን ከጎማ የሚፈናጠር አንድ ድንጋይ ይሰብረዋል። አሉሚኒየም ቀላልና የማይዝግ ነው፤ አቅሙ ካለዎት ይግዙት፤ ሆኖም ብረትና አሉሚኒየም በእርጥበት ውስጥ ሲነካኩ አሉሚኒየሙ ስለሚበላ በመካከላቸው ጎማ ማስገባት ግዴታ ነው።

ከዚህ ሌላ፦ የጣራ ቆርቆሮ የሚታሰርበት ዓይነት ባለ ጎማ ራንዴላ፣ ራሱ እየበሳ የሚገባ ብሎን 250 ያህል፣ ሪቬት፣ አንቲረስት ቀለም፣ የሽቦ ብሩሽ፣ በጣሳ የሚሸጥ የሚነፋ ማሸጊያ ፎም፣ ሲሊከን፣ ቀዳዳው ከ4 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ የወንፊት ሽቦ። አሮጌ የመኪና ካላማዳሪያም (በጎማው ውስጥ የሚነፋውን ከመነዳሪ) ከጎሚስታ ይለምኑ፤ ሦስት አራት ይበቃል። በ4 ሴንቲ ሜትር ስፋት እየሸረከቱ በሻንሲውና በላሜራው መካከል ያስገቡታል። ብረት በብረት ላይ እንዳይንኳኳና በመካከላቸው ውሃ ተኝቶ እንዳያዝግ ከዚህ የተሻለ ነገር አላገኘሁም።

ከሥር ከመግባትዎ በፊት

ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም። ይህን በትልቁ እንዲያነቡልኝ እፈልጋለሁ። ቤቱን በክሪክ ካነሡ በኋላ በአራቱም ማዕዘን ጠንካራ ካቫሌቶ (ባለ እግር የብረት መደገፊያ) ከሻንሲው ዋና ብረት ሥር ያስገቡ፤ ክብደቱ በካቫሌቶው ላይ ይረፍ። ከካቫሌቶው ሥር ሰፊ ጣውላ ያንጥፉ፤ የጅማ አፈር ደረቅ ቢመስልም ከላይኛው ቅርፊት በታች ልስልስ ነው፤ ጠባብ የብረት እግር ቀስ እያለ ይሰምጣል። ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በታኮ ያስይዙ። ከዚያ በጎን ቆመው ቤቱን በሁለት እጅዎ አጥብቀው ይግፉት። ከተወዛወዘ እንደገና ይደግፉ። ባትሪውን ይንቀሉ፤ የቡታጋዙን ሲሊንደር አውጥተው ራቅ አድርገው ያስቀምጡ። ተኝተው ሲሠሩ ዝገትና አሸዋ ዓይን ውስጥ ስለሚወርድ የዓይን መከላከያ መነጽርና የአፍ መሸፈኛ ያድርጉ።

ማጠብ፣ መፈተሽ፣ ማድረቅ

መጀመሪያ የጭቃውን ቅርፊት በእንጨት ፍቀው ያውርዱ፣ ከዚያ በውሃ ግፊት ይጠቡ። ሻንሲው ውስጥ ባዶ ከሆነ፣ ማለትም ከቱቦላሬ ከተሠራ፣ በቱቦው ውስጥ የገባው ጭቃ በሁለቱም ጫፍ ተጠርጎ መውጣቱን ያረጋግጡ።

የወለሉን እንጨት በየ20 ሴንቲ ሜትሩ በካቻቪቴ ጫፍ ይውጉት። ጤነኛ እንጨት አያስገባም። ካቻቪቴው ያለ ጉልበት ከገባ ያ ክፍል ሞቷል፤ እስከ ጤነኛው ድረስ ተቆርጦ መውጣትና በአዲስ እንጨት መተካት አለበት። በላዩ ቀለም ቀብቶ ማለፍ በኋላ ሁሉንም መልሶ ማፍረስ ይሆናል። በተለይ የውሃ ማጠቢያው ሥር፣ የበሩ ደፍ ሥርና የጎማው ጓዳ (ጎማው የሚገባበት ጎድጓዳ ቦታ) ዙሪያ ያለውን በጥንቃቄ ይዩ፤ ብስባሱ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከእነዚህ ነው።

ከታጠበ በኋላ ለሁለት ሳምንት በነፋስ ይተዉት። ደርቆ እንደሆነ ለማወቅ 40 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ንጹሕ ፕላስቲክ በወለሉ ሥር ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፈው ያሳድሩት። ጠዋት ከፕላስቲኩ ውስጥ ጤዛ ካዩ እንጨቱ ገና ውሃ እያስወጣ ነው፤ ይጠብቁ። እኔ በመጀመሪያው ሙከራ ጤዛ አግኝቼ ሌላ ስምንት ቀን ጨመርኩ፤ በሁለተኛው ደረቅ ሆነ።

ዝገትና ብየዳ

የላላውን ዝገት በሽቦ ብሩሽ አራግፈው፣ በብርጭቆ ወረቀት አሻሽተው፣ በቤንዚን በራሰ ጨርቅ ቅባቱን ጠርገው ሁለት እጅ አንቲረስት ይቀቡ። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል አንድ ቀን ያሳልፉ። ባሌስትራውን (ከአክስሉ ጋር የተያያዘውን ተደራራቢ የብረት ሞላ) እና ግራሶ የሚገባባቸውን ቦታዎች አይቀቡ።

ብየዳ ካለ ግን ከቀለሙ በፊት ይለቅ። በተለይ የላሜራ መጋጠሚያዎች ከመስቀለኛ ብረት ላይ አያርፉምና ማረፊያ ይፈልጋሉ፤ ላሜራው 1 ሜትር፣ መስቀለኛው በየ60 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ልኩ አይገጥምም። መጋጠሚያው የሚወድቅበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርገው ቀጭን አንግል ብረት ያስበይዱ። ስታይሮፎም ከገባ በኋላ አንዲት የብየዳ ፍንጣሪ እንኳ አደጋ ናት፤ ፎሙ በቀላሉ ይነዳል፣ ጭሱም መርዛማ ነው። ስለዚህ «ይህችን ብቻ ቶሎ ልበይዳት» የሚል ሰው ቢመጣ አይፍቀዱለት።

ቧንቧ፣ ገመድና ቡታጋዝ

ብዙ ሰው ቸኩሎ የሚያልፈው ይህን ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ ረጅም ጊዜ የሰጠሁት ለዚህ ነው። አንዴ ከተሸፈነ በኋላ የማይታይ ነገር ሁሉ አሁን መስተካከል አለበት።

የውሃ ቧንቧ መጋጠሚያዎችን ውሃ ሞልተው አንድ ሌሊት ያሳድሩና በደረቅ ሶፍት ይፈትሹ። የማስወገጃ ቫልቩ ባለበት ቦታ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነች፣ በአራት ብሎን የምትከፈት መስኮት ያስቀሩ። ይህች መስኮት በኋላ ብዙ ነገር ታድንልዎታለች።

የኤሌክትሪክ ገመድ ከስታይሮፎም ጋር በቀጥታ እንዳይነካካ። የገመዱ የፕላስቲክ ልባስ ውስጥ ያለው ማለስለሻ ቀስ በቀስ ወደ ፎሙ ይሸሻል፤ ገመዱ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ፎሙም ይቀልጣል። ዓመታት ስለሚፈጅ ማንም ሳያየው ይሆናል። ሁሉንም ገመድ በኮንዲዩት (የገመድ መከለያ ቱቦ) ውስጥ ያስገቡት።

ቡታጋዝ ከአየር የሚከብድ ጋዝ ነው። ከሾለከ ወደ ታች ይወርድና በዝቅተኛው ቦታ ይተኛል። በደንብ የተሠራ ተጎታች ቤት በወለሉ ላይ፣ በተለይ በሲሊንደሩ ሳጥንና በምድጃው ሥር፣ ጋዙ የሚወርድባቸው ክፍት ቀዳዳዎች አሉት። ሰው ሁሉ ብርድ ያስገባሉ ብሎ የሚደፍናቸው እነሱን ነው። እነዚህ ፈጽሞ አይደፈኑም። ለእያንዳንዳቸው የፒቪሲ ቱቦ ከወለሉ አንሥተው በፎሙና በላሜራው አሳልፈው እስከ ውጭ አየር ያውጡት፤ በቱቦው ዙሪያ በማሸጊያ ፎም ይዝጉ፤ በታችኛው አፍ ላይ የወንፊት ሽቦ ይሰሩ። እንዲህ ሲሆን ጋዙ በላሜራውና በፎሙ መካከል ሳይጠራቀም ወደ ውጭ ይፈሳል። የጋዝ ቱቦው ራሱ ከላሜራው ውጭ ይለፍ፤ መጋጠሚያዎቹንም በሳሙና አረፋ ይፈትሹ።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ፣ ከምንም በላይ የማሳስበው ነገር አለ። ሥሩ ክፍት የነበረ ቤት ሳያውቁት በወለሉ ስንጥቅ ይተነፍስ ነበር። ከተደፈነ በኋላ ግን አይተነፍስም። ቡና ለማፍላት የተቀጣጠለ ከሰል ወደ ውስጥ ማስገባት ቀድሞም አደገኛ ነው፤ አሁን ገዳይ ይሆናል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ሰው እንቅልፍ የመጣበት መስሎት ይተኛና አይነቃም። ቡናው ከቤት ውጭ ይፈላ። የጣራውን መተንፈሻና አንድ መስኮት ሌሊትም ቢሆን በጥቂቱ ክፍት ያድርጉ።

ፎሙን ማስገባት

በእያንዳንዱ ሁለት መስቀለኛ ብረት መካከል ያለውን ክፍተት ለየብቻ ይለኩ። አንዱ ከሌላው ጋር እኩል ነው ብለው አይመኑ፤ በእኔ ላይ እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ነበር። ፎሙን በስለታም ቢላ፣ ከልኩ 3 ሚሊ ሜትር ያህል አስበልጠው ይቁረጡትና ገፍተው ያስገቡት፤ ተጨናንቆ ሲገባ በራሱ ይቆማል።

የመጀመሪያው ንብርብር ከወለሉ እንጨት ጋር ያለ ክፍተት መጣበቅ አለበት። በመካከላቸው አየር የሚንሸራሸርበት ባዶ ቦታ ከቀረ፣ ቀዝቃዛው አየር በፎሙ ላይ ያልፍና ፎሙ እንደሌለ ይሆናል። ሁለተኛው ንብርብር የመጀመሪያውን መጋጠሚያ እንዲሸፍን አዛንፈው ያስገቡ። በዳርና በዳር፣ በቧንቧዎች ዙሪያ የቀሩትን ስንጥቆች በሚነፋው ማሸጊያ ፎም ይሙሉ። ማስቲሽ አይጠቀሙ፤ በውስጡ ያለው ሟሟ ስታይሮፎሙን ዓይንዎ እያየ ይበላዋል። ቤንዚንና በሟሟ የቀጠነ ሬንጅም እንዲሁ። ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ፎም አያስገቡ ያልኩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ፎሙ ሁለት ጊዜ 4፣ 8 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሻንሲው 12 ነው። የቀረው 4 ሴንቲ ሜትር ባዶ ይቀራል። «ቦታው ካለ ለምን አንሞላውም?» ያሉኝ አሉ። ያ ባዶ ቦታ የውሃው መንገድ ነው። ጎማው የረጨው ውሃ በአንድ ስንጥቅ ቢገባ ፎሙን ሳያርስ በላሜራው ላይ ወርዶ ወደ ቀዳዳው የሚሄደው በእሱ ነው።

ፕላስቲክ ከሥር ማንጠፍ የሚባለውንም ይተዉት። በአብዛኞቹ ተጎታች ቤቶች ወለሉ ከላይ በፕላስቲክ ምንጣፍ የተለበጠ ነው፤ ያ ምንጣፍ የክፍሉን እርጥበት ከላይ ያግደዋል። ከታች ሌላ ፕላስቲክ ካከሉበት እንጨቱ በሁለት ፕላስቲክ መካከል ይታፈናል፤ የያዘውን ጥቂት እርጥበት ማስወጫ ያጣና ከውስጥ ይበሰብሳል። እንጨት ቢያንስ በአንድ በኩል መተንፈስ አለበት።

ላሜራውን መግጠም

በያጁ ወጣት በላሜራው ላይ ቀዳዳ እንድንበሳ ስነግረው ቆም ብሎ፣ «ጋሼ፣ ከበሳነው ለምን እንሸፍነዋለን?» አለኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ላሜራው የሚያግደው ጭቃን፣ ድንጋይን፣ አይጥንና ነፋስን ነው። ውሃን ግን ፈጽሞ ማገድ አይችልም፤ በብሎን ዳር፣ በመጋጠሚያ፣ ከላይ ከሚፈስ ቧንቧ፣ በቀዝቃዛ ሌሊት ብረት ላይ ከሚያርፍ ጤዛ ሁሌም የሆነ ጠብታ ይኖራል። ስለዚህ መውጫ ይሰጠዋል።

በሁለት መስቀለኛ መካከል ላለው ለእያንዳንዱ ክፍል ሁለት ባለ 10 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይብሱ፤ ክፍሎቹ እርስ በርስ ስለማይገናኙ አንዱ የሌላውን ውሃ አያወጣም። ቀዳዳዎቹ ወደ ኋላና ወደ ዳር ይጠጉ። ቤቱ ሲቆም አፍንጫውን በጥቂቱ ከፍ ካደረጉት ውሃው ወደዚያ ይሄዳል። ትራፓኖውን ከላይኛው ፊት ወደ ታች ይያዙት፤ ብረቱ ሲበሳ የሚያበቅለው ጠርዝ ወደ ታች ይውጣ፤ ወደ ላይ ከወጣ ቀዳዳው ዙሪያ ግድብ ይሆንና ውሃ ያቆራል። በውስጥ በኩል የወንፊት ሽቦውን በሪቬት ይሰሩበት፤ አይጥ ከ6 ሚሊ ሜትር የምትበልጥ ቀዳዳ ካገኘች ትገባለችና። የተበሳውንና የተቆረጠውን ጠርዝ ሁሉ አንቲረስት ይቀቡት፤ ጋልቫናይዝድ ላሜራ ዝገት የሚጀምረው ከቁርጡ ነው።

መግጠም የሚጀመረው ከኋላ ነው። የመጨረሻውን ላሜራ ይግጠሙ፤ ቀጥሎ ከፊቱ ያለው በ5 ሴንቲ ሜትር ከሥሩ ይደረብ። እንዲህ ሲደረብ የተጋለጠው ጠርዝ ወደ ኋላ ያያል፤ በጉዞ ላይ ነፋስና ጭቃ አይገባበትም። በግልባጩ ከሠሩት እያንዳንዱ መጋጠሚያ ጭቃ እንደሚዝቅ አካፋ ይሆናል። የካላማዳሪያ ጥብጣቡን በሻንሲው ላይ ያንጥፉ፣ ላሜራውን በክሪክና በጣውላ ደግፈው ያስጠጉ፣ ከመሃል ወደ ዳር በየ15 ሴንቲ ሜትሩ በብሎን ይያዙ። የጎማ ራንዴላው ሲጨመቅ እስኪያብጥ ድረስ ብቻ ያጥብቁ፤ ከዚያ ካለፈ ይቀደዳል። በዳሮቹ ላይ፣ ላሜራው ከአካሉ ጋር በሚገናኝበት፣ የፊተኛውን ጠርዝ ብቻ በሲሊከን ይድፈኑ፤ የኋላውን ይተዉት።

የአክስሉ ቦታ ለብቻው ይታሰብ። ቤቱ ተጭኖ ጉድጓድ ውስጥ ሲወድቅ ባሌስትራው ይታጠፍና አክስሉ ወደ ሻንሲው ይጠጋል። ቤቱ ዕቃው እንዳለ ጎማው መሬት ላይ ሳለ በአክስሉና በሻንሲው መካከል ያለውን ይለኩ፤ አክስሉ የሚደርስበት ቦታ ካለ እዚያ ላይ ፎሙን ወደ አንድ ንብርብር ቀንሰው ላሜራውን ወደ ላይ ከፍ አድርገው በመስቀለኛዎቹ ጎን ይሰሩት። የፍሬን ገመድ ከላሜራው ውጭ፣ ሳይታጠፍ መንቀሳቀሱንም ያረጋግጡ።

ሲያልቅ ቤቱ ላይ ከ65 እስከ 70 ኪሎ ግራም ተጨምሯል። ክብደቱ በሙሉ ርዝመቱ ላይ እኩል ስለተዘረጋ ሚዛኑን ብዙም አይነካውም፤ የጎታቹን መኪና አቅም ግን አስቀድመው ያስሉበት።

ሙከራ

ሁለት ሙከራዎች አሉ። የመጀመሪያው በእጣን ነው። ነፋስ ባለበት ቀን መስኮቶችን ዘግተው እጣን ያጭሱና ቧንቧዎች በወለሉ በሚያልፉበት፣ በቁም ሣጥኑ ሥርና በአልጋው ሥር ቀስ ብለው ያዙሩት። ጭሱ ቀጥ ብሎ ከወጣ ደኅና ነው፤ ወደ ጎን ከተገፋ ያ ቦታ ገና ክፍት ነው፤ ከላይ በሲሊከን ይዝጉት። ለቡታጋዙ የተተዉትን ቀዳዳዎች ግን አይንኩ፤ ሙከራውም ሲያልቅ መስኮቶቹን ይክፈቱ።

ሁለተኛው በውሃ ነው። በጎማ ቱቦ ከፊትና ከጎማው ጓዳ በኩል ለአሥር ደቂቃ ወደ ላይ ይርጩ፣ ሌላ አሥር ደቂቃ ይጠብቁ፣ ከዚያ መስኮቷን ከፍተው እጅዎን ያስገቡ። ላሜራው ላይ እርጥበት ቢኖር አይደንግጡ። ፎሙ ግን ደረቅ መሆን አለበት፤ ከቀዳዳዎቹም ሲንጠባጠብ ማየት አለብዎት። ከማንኛውም ቀዳዳ ካልተንጠባጠበ፣ ውሃው አልገባም ብለው ከመደሰትዎ በፊት በቀጭን ሽቦ ወጋ አድርገው ይመልከቱት።

ቆሞ ሲከርም

ከሰኔ እስከ መስከረም የሚቆም ቤት ከጎኑ ነፋስና የዝናብ ፍንጣቂ እንዳይገባበት ዙሪያውን በሸራ ቢከበብ ጥሩ ነው። ሸራው ግን መሬት አይንካ፤ ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ ይበል፤ በሁለት ተቃራኒ ጎንም ክፍት ይተዉ። ግጥም ብሎ የተከበበ ሥር በክረምት ከመሬት በሚወጣው እንፋሎት ይታጠናል። መሬቱን የነካ ሸራና እንጨት ደግሞ ለምስጥ መወጣጫ ነው። መደገፊያዎቹ ከእንጨት ይልቅ ድንጋይ ወይም ብሎኬት ይሁኑ፤ በየወሩ አንድ ጊዜ የምስጥ የጭቃ መስመር እንዳለ በባትሪ ይዩ። ውሃ ከቤቱ ሥር እንዳያልፍ በላይኛው በኩል ትንሽ ቦይ ይቅደዱ።

ከመጀመሪያው ረጅም ጉዞ በኋላ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ደግመው ያጥብቁ። እኔ አጋሮ ድረስ፣ 45 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሄጄ ስመለስ ከ200 በላይ ከሆኑት ውስጥ ስምንት ላልተው ነበር፤ ሁሉም በአክስሉ አካባቢ ናቸው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ጳጉሜ ላይ ቀዳዳዎቹን በሽቦ እጠርጋለሁ፣ መስኮቷን እከፍታለሁ፣ እጄን አስገብቼ ፎሙን እዳብሳለሁ። ባለፈው ጳጉሜ አቧራ ብቻ ነበረበት።